በታይዋን የምሽት ገበያ አምሽቶ መብላት፦ ከዝርዝር ገንዘብ እስከ መጨረሻው ባቡር

ለትምህርት፣ ለሥልጠና ወይም ለንግድ ወደ ታይዋን የሚሄዱ ሰዎች የሚልኩልን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «የምሽት ገበያ ልሄድ ነው፤ ከየት ልጀምር? ስንት ገንዘብ ልያዝ? አሳማ የሌለበትን በምን ልለየው? ጾም ላይ ብሆንስ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ በዝርዝር መጻፉ ይሻላል።

ለማሳያ የመረጥነው ታይፔይ ከተማ ያለውን የራኦሄ መንገድ ገበያ ነው። 600 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ስለሆነ ለአዲስ ሰው አያደናግርም። ቅደም ተከተሉ ለሌሎቹም ገበያዎች ይሠራል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፦ ታይዋን ከኢትዮጵያ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የታይዋን ሰዓት ሲሆን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልካችሁና ታቤላው ላይ የምታዩትን ከጎኑ በቅንፍ አስቀምጠናል። ይህን የሚያምታታ ሰው ባቡር ያመልጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሬ ገንዘብ፦ ለአንድ ሰው ከ500 እስከ 700 የታይዋን ዶላር። አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 30 የታይዋን ዶላር ስለሚመነዘር ከባድ ወጪ አይደለም። አብዛኛው ምግብ ከ50 እስከ 100 ነው። በባለ 100 ኖትና በሳንቲም ያዙ። ብዙ ጋሪዎች ካርድ አይቀበሉም፤ ባለ 1000 ኖት ለ60 ዶላር ዕቃ ስትሰጡ ደግሞ ሻጩ መልስ ፍለጋ ወረፋው ሁሉ ይቆማል።
- ኢዚካርድ፦ የባቡርና የአውቶቡስ ካርድ። ካርዱ ራሱ 100 ነው፣ አይመለስም። 200 ሙሉበት።
- ሶፍት፣ ደረቅም እርጥብም። ጋሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ናፕኪን አይሰጡም፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችም ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል።
- ሁለት ፌስታል፦ አንዱ ለቆሻሻ፣ አንዱ ለተረፈ ምግብ።
- ግማሽ ሊትር ውሃ።
- ባትሪው የሞላ ስልክ፣ የትርጉም መተግበሪያ የተጫነበት። ቋንቋውን ስታወርዱ «ባህላዊ ቻይንኛ» የሚለውን ምረጡ። ታይዋን የምትጽፈው በባህላዊው ፊደል ነው፤ ቀለል ተደርጎ የተጻፈውን ብታሳዩ ብዙው ሰው ይረዳችኋል፣ ግን ካሜራችሁ የገበያውን ታቤላ ሲያነብ ይሳሳታል።
- ስስ የዝናብ ካፖርት። ጃንጥላ በዚያ ጠባብ መንገድ የሰው ዓይን ይወጋል።
- ድፍን ጫማ። መሬቱ በዘይትና በውሃ ያዳልጣል።
- አንድ ወይም ሁለት ጓደኛ። ሦስት ሰው ልክ ነው፤ አንድ ምግብ ለሦስት እየተካፈሉ ሰባት ስምንት ዓይነት መቅመስ ይቻላል። ብቻውን የሄደ ሰው ሦስተኛው ላይ ይጠግባል።

1. ገበያውንና ቀኑን ምረጡ

ሁሉም ገበያ በየቀኑ አይከፈትም። የታይፔዮቹ ራኦሄ፣ ሺሊንና ኒንግሺያ በየምሽቱ ይሠራሉ፤ ታይናን ከተማ ግን ትልቁ «የአበባ አትክልት» ገበያ የሚቆመው ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን የምታገኙት ባዶ ሜዳ ነው። ካኦሺዮንግ ያለው ሩይፌንግም ሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። በየቀኑ በሚከፈቱትም ቢሆን ሰኞ የሚያርፉ ጋሪዎች አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጥሩ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ የምትራመዱት በራሳችሁ እግር ሳይሆን በሰው ግፊት ነው። ረቡዕን ለጾም የምታውሉ ከሆነ ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ያዙ።

ከሰኔ እስከ መስከረም የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ የዕለቱን የአየር ትንበያ እዩ። የታይፉን (የኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ካለ ገበያው ላይከፈት ይችላል።

2. የማትበሉትን በጽሑፍ አዘጋጁ

ይህ ለእኛ ሰው ከሁሉም የከበደው ደረጃ ነው፤ ገበያው ውስጥ ቆማችሁ ልትሠሩት አትችሉም፤ ቤት ሳላችሁ ጨርሱት።

በታይዋን ገበያ አሳማ የሚገኘው በሥጋ መልክ ብቻ አይደለም። ሞራው የሊጥ ማለስለሻ፣ የምጣድ መቀቢያና የሽንኩርት መጥበሻ ይሆናል። የተቀቀለ ጎመን ላይ የሚነሰነሰው ቡናማ የሽንኩርት ጥብስ ብዙ ጊዜ የተጠበሰው በአሳማ ሞራ ነው። ግልጽ የሚመስለው የሾርባ ውሃም ከአጥንት የተቀቀለ ነው። ስለዚህ «ሥጋ የለውም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ሞራውን ነጥላችሁ ጠይቁ።

ለሚጾም ሰው ደስ የሚለው ነገር ታይዋን ውስጥ በቡድሂስቶች ምክንያት ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ምግብ የታወቀ መሆኑ ነው። ስሙ «ሱ» ነው። ግን ዓይነት አለው፦

- «ቹዌን ሱ»፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ለጾም የሚሆናችሁ ይሄ ነው።
- «ዳን ናይ ሱ»፦ እንቁላልና ወተት ያለበት። ለጾም አይሆንም።
- ሌላው ከእንስሳት ነፃ ሆኖ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚገባበት ነው። ይሄም ለጾም ይሆናል።

ትርጉም መተግበሪያው ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላል፣ ወተትና የአሳማ ሞራ አልበላም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። እሷ ከሌለች ሻጩ እንደ መነኩሴ ይቆጥራችሁና ልትበሉት የምትችሉትን ሁሉ «አይሆንም» ይላችኋል። ጽሑፉን በትልቅ ፊደል ስክሪንሾት አድርጉት። በአፍ ለመናገር መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ቻይንኛ በድምፅ አወጣጥ ትርጉሙ ስለሚለዋወጥ የዘይት ምጣድ በሚንጫጫበት ቦታ ጽሑፍ ማሳየት የተሻለ ነው።

አሳማ ብቻ ለሚተው፦ «ዎ ቡ ቺ ጁ ሮው» (የአሳማ ሥጋ አልበላም)፤ «ዮው ጁ ዮው ማ?» (የአሳማ ሞራ አለው?)። መልሱ «ዮው» ከሆነ አለው፤ «ሜይ ዮው» ከሆነ የለውም። ሁለቱም «ዮው» ብለው ስለሚጨርሱ መጀመሪያዋን ክፍለ ቃል አዳምጡ፣ ሻጩ እጁን ሲያወዛውዝም ተመልከቱ።

ሃላል ብቻ ለምትበሉ፦ «ቺንግ ጄን» የሚል ታቤላ ያለው ጋሪ በየገበያው አታገኙም። እራታችሁን በሃላል ምግብ ቤት በልታችሁ ገበያው ላይ ፍራፍሬ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንችና መጠጥ ያዙ። ባርኮ ያልታረደ የማይበላ ክርስቲያንም ዶሮና የበሬ ሥጋውን በዚሁ ሂሳብ ይቁጠረው፤ «አሳማ የለበትም» የሚለው መልስ ስለ አስተራረዱ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ይህንንም ይጻፍ። የኦቾሎኒ ዱቄት ሳይታሰብ በብዙ ምግብ ላይ ይነሰነሳል፦ በእንፋሎት በበሰለው ዳቦ ላይ፣ በአይስክሬም ጥቅሉ ውስጥ፣ ሞቺ በሚባለው ለስላሳ የሩዝ ጣፋጭ ላይ።

3. ባዶ ሆድ አትሂዱ

ከመሄዳችሁ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ፤ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ። እርቦት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ትልቅ የዶሮ ጥብስ ብቻውን ይጨርሳል፤ የሌላው ሁሉ ቦታ በዚያ ይያዛል።

4. አገባብ

ገበያው የሚጀምረው ከቀኑ 11 ሰዓት (17:00) ገደማ ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት (19:00–21:00) ጭንቅ ነው። አምሽቶ ለመብላት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል (21:30) ላይ መግባት ልክ ነው፦ ወረፋው ያጥራል፣ ሻጩም ጥያቄያችሁን ለመስማት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ብትዘገዩ ዝነኞቹ ጋሪዎች ዕቃቸው ያልቃል።

በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ሶንግሻን ድረስ ሂዱ። በ5ኛው መውጫ ውጡ። ከፊታችሁ ጣሪያው በዘንዶ ምስል የተሸለመ ሲዮው የሚባል ቤተ መቅደስ ይታያል፤ የገበያው በር ከአጠገቡ ነው።

ሺሊን የምትሄዱ ከሆነ ግን ልብ በሉ፦ መውረድ ያለባችሁ «ሺሊን» ጣቢያ ላይ ሳይሆን ከመሐል ከተማ ስትመጡ ከሺሊን በፊት ባለው ጂያንታን ጣቢያ፣ 1ኛው መውጫ ነው። በስሙ ተታልለው ሺሊን የሚወርዱ ብዙ ናቸው፤ ትርፉ የእግር መንገድ ነው። ለኒንግሺያ ሹዋንግሊያን ጣቢያ ወርዳችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተራመዱ።

5. አንድ ወገን ሂዱ፣ በሌላው ተመለሱ

ራኦሄ መሐል ለመሐል የጋሪ ረድፍ ስላለው መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰው በቀኝ ይሄዳል፣ ጫፍ ደርሶ በሌላው ወገን ይመለሳል። በተቃራኒ ለመሄድ አትሞክሩ።

ስትሄዱ ተመልከቱ፣ የወደዳችሁትን ጋሪ ፎቶ አንሱ፤ ስትመለሱ ግዙ። ከዚህ ውጪ የሚሆነው ቶሎ የሚያልቅና ረጅም ወረፋ ያለው ነገር ነው፤ እሱን ባያችሁበት ያዙ። ሦስት ከሆናችሁ አንዱ ወረፋ ይያዝ፣ ሁለቱ ከአጠገቡ ካለ አጭር ወረፋ ይግዙ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ቆሞ መብላት ነው።

6. አዘዛዝ

ከወረፋው ጀርባ ቁሙ። ወረፋው ሁለት መስሎ ከታያችሁ አንዱ ለመክፈል፣ ሌላው ለመውሰድ ስለሚሆን ከፊታችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱ። ጣት አሳይታችሁ «ኢ ፈን» በሉ፤ አንድ ድርሻ ማለት ነው። «ዋይ ዳይ» የሚወሰድ ነው። በርበሬ ካልፈለጋችሁ «ቡ ያኦ ላ»፣ ድንብላል ቅጠል ካልፈለጋችሁ «ቡ ያኦ ሺያንግ ፃይ»።

ዋጋ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ምግብ ላይ ክርክር የለም፣ ጉርሻም አይሰጥም። ወንበር ላይ የሚቀመጠው ከዚያው ጋሪ የገዛ ብቻ ነው፤ ከሌላ ጋ የገዛችሁትን ይዛችሁ መቀመጥ አያስኬድም። ብዙ ቦታ በነፍስ ወከፍ አንድ ማዘዝም ግዴታ ነው፤ ሦስት ሆናችሁ አንድ ሳህን ለመካፈል ከሆነ ቆማችሁ ብሉ።

7. ምን፣ በምን ቅደም ተከተል

ደንቡ፦ ሾርባና በእንፋሎት የበሰለ መጀመሪያ፣ በዘይት የተጠበሰ መሐል ላይ፣ ጣፋጭ መጨረሻ። ጥብስ ቀድሞ ከገባ ዘይቱ ጥጋብ ያመጣል፤ ስኳር ከቀደመ ደግሞ ጨዋማውን ያጠፋዋል።

ሁ ጂያኦ ቢንግ። የራኦሄ መለያ፣ በሩ ላይ ረጅሙ ወረፋ የሚሰለፍለት። ሊጡ በሰሊጥ ተሸፍኖ በከሰል በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል። ውስጡ ቁንዶ በርበሬና ባሮ ሽንኩርት የበዛበት የአሳማ ሥጋ ነው፤ ለማይበላ ሰው ወረፋው ጊዜ ማባከን ነው። ለሚበላ፦ ወዲያው አትግመጡ። ውስጡ የፈላ ጭማቂ አለ፤ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ አብጅታችሁ ሦስት ደቂቃ እንፋሎቱን አስወጡ።

ጓ ባኦ። በእንፋሎት የበሰለ ለስላሳ ነጭ ዳቦ ተከፍቶ፣ ወፍራም የአሳማ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ጎመን፣ የኦቾሎኒ ዱቄትና ድንብላል ቅጠል ይገባበታል። አሳማም ኦቾሎኒም ስላለበት ሁለቱን የማይበላ ይለፈው።

የኦይስተር እንቁላል። ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት፣ እንቁላልና ቅጠል በምጣድ ላይ ከስኳር ድንች ስታርች ጋር ይጠበስና ጣፋጭነት ያለው ቀላ ያለ ስጎ ይፈስበታል። የስታርቹ ልስላሴ ብዙ ሰው ይገርመዋል፦ ከጥብስ ይልቅ ወፍራም ገንፎ ይመስላል። ያልበሰለ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ግን ኦይስተሩ ጠርዙ የተሸበሸበ መሆኑን እዩ፤ ለስላሳና ልጥልጥ ካለ መልሱለትና ደግሞ ይጠብሰው። ምጣዱ በአሳማ ሞራ የሚቀባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጠይቁ።

ቾው ዶፉ። ሽታው ከግማሽ መንገድ የሚጠራው ቶፉ፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ ነው። በተብላላ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ይጠበሳል፤ ሻጩ መሐሉን በስቶ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ስጎ ያፈስበታል፣ ከኮመጠጠ ጎመን ጋር ያቀርባል። ሽታው ያለው እንፋሎቱ ላይ ስለሆነ ስትጎርሱት እምብዛም አይሰማችሁም። ቅርፊቱ ሳይለሰልስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱት። ጿሚዎች ልብ በሉ፦ ቶፉ መሆኑ ብቻ ለጾም አያደርገውም። የሚዘፈዘፍበት ውሃ ሽሪምፕ ሊኖርበት ይችላል፤ «ሱ» ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ። በወፍራም ቀይ ሾርባ የሚቀርበው ዓይነት ደግሞ የዳክዬ ደም ኩብ ይገባበታል።

የን ሱ ጂ። የዶሮ ቁርጥራጭ ጥብስ፤ የሚታዘዝበት መንገድ ስለሚለይ ዘርዘር እናድርገው። ጋሪው ላይ ጥሬና ግማሽ የተጠበሰ ነገር ተደርድሯል። ትንሽ ቅርጫትና መቆንጠጫ ትወስዳላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ትሞላላችሁ፣ ለሻጩ ትሰጣላችሁ። ሂሳቡን ይነግራችኋል፣ ቁጥር ወይም ጥሪ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ በሶብላ ዘይቱ ውስጥ ይጣልና ሲንጣጣ ሁሉም አብሮ ይወጣል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶ በወረቀት ከረጢት ይሰጣችኋል። ቅርጫቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ጥሬው ትንሽ ይመስላል እንጂ ለሦስት ሰው ይበቃል። እዚያ ካለው ፎሶሊያ፣ እንጉዳይ፣ ስኳር ድንችና ቶፉ ይቻላል። ነጣ ያለ ጠፍጣፋ ቁራጭ ድንች መስሏችሁ አታንሱ፤ ከዓሣ የተሠራ ነው። ጥቁር ቡናማ ኩቡም በአሳማ ደም የበሰለ ሩዝ ነው። የሚጠበሱት ሁሉ በአንድ ዘይት ስለሆነ ለጾም ይህ ጋሪ ፎሶሊያውም ቢሆን አይሆንም።

የእንጉዳይ ጥብስ። ወፍራም ነጭ ግንድ ያለው እንጉዳይ በፍም ላይ ተጠብሶ ተቆራርጦ ይሰጣል። የሚቀባው ስጎ ከኦይስተር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል «በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አሳዩ። ለጿሚ ገበያው ላይ ካለው ጨዋማ ምግብ ምርጡ ይሄ ይመስለናል።

ዲ ጓ ቺዮ። የስኳር ድንች ኳስ። የተቀቀለ ስኳር ድንች ከታፒዮካ (ከካሳቫ ሥር የሚወጣ) ስታርችና ከስኳር ጋር ተለውሶ ይድቦለቦልና ዘይት ውስጥ ይገባል። ሻጩ በወንፊት ማንኪያ እየደጋገመ ወደ ምጣዱ ግድግዳ ሲጫነው ታያላችሁ፤ ሲጨፈለቅና ሲለቀቅ ውስጡ አየር እየሞላ ባዶ ኳስ ይሆናል። የከረጢቱን አፍ አትዝጉ፤ እንፋሎቱ ታፍኖ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጨምዳዳ ያደርገዋል። በራሱ ዘይት ብቻ የሚሠራ ጋሪ ከሆነ ለጾም ይሆናል።

የጎደሬ ኳስ። ኒንግሺያ የታወቀችበት። ሁለት ዓይነት አለ፦ ባዶውና የእንቁላል አስኳል ያለበት። አስኳል ያለበት ውስጥ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ብናኝ ስለሚገባ ስታዝዙ ለይታችሁ አሳዩ።

ፍራፍሬ። የጥብሱን ቅባት ለማውረድ ጓቫ (ዘይቱና) እና ሌላ ፍራፍሬ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተቆርጦ በሚዛን የሚሸጥበት ጋ ሂሳብ ይበላሻል። የተጻፈው ዋጋ ለ100 ግራም ወይም ለአንድ «ጂን» ሊሆን ይችላል፤ የታይዋን ጂን 600 ግራም ነው። «ቅመሱ» ብሎ ሲያጎርሳችሁ እጁ ከረጢት እየሞላ ከሆነ አስቁሙት። መጀመሪያ ይመዘን፣ ዋጋው ይነገራችሁ፣ ከዚያ ይቆረጥ። በስኒ ተሞልቶ ዋጋ የተለጠፈበት ከሁሉ ይሻላል።

8. መጠጥ

ጄንጁ ናይ ቻ፣ የታፒዮካ ኳሶች ያሉበት የወተት ሻይ፣ ሲታዘዝ ሁለት ጥያቄ ይከተላል፦ ስኳርና በረዶ። ስኳሩ ሙሉ፣ 70፣ 50፣ 30 ወይም 0 በመቶ ተብሎ በሰንጠረዥ ይለጠፋል፤ ጣታችሁን አስቀምጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ 30 በመቶ ይበቃል፤ ኳሶቹ ራሳቸው በስኳር ውሃ የቆዩ ናቸው። ስለዚህ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው 0 ቢልም ከኳሱ ጋር ስኳር እየጠጣ ነው። ኳሱን ይተው።

ለጾም የወተት ሻዩ አይሆንም፤ በዱቄት የሚሠራው «ክሬም» እንኳ የወተት ተዋጽኦ ሊኖርበት ይችላል። በምትኩ ንጹሕ ሻይ ወይም አይ ዩ ውሰዱ። አይ ዩ ከአንድ የሾላ ዘመድ ፍሬ የሚወጣ ለስላሳ ጄሊ ሲሆን በሎሚና በስኳር ውሃ ይቀርባል። የወተት ሻዩ ትልቁ ስኒ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን መሠረቱ ጥቁር ሻይ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጠጣ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አያማር።

9. ቆሻሻ

መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አትፈልጉ፤ የለም ማለት ይቻላል። የበላችሁበትን ስኒና እንጨት ለገዛችሁበት ጋሪ መልሱ፤ ይቀበላሉ። የሌላውን ጋሪ ቆሻሻ ግን አትስጡ። የተረፈውን በፌስታላችሁ ይዛችሁ ወደ ማደሪያችሁ ውሰዱ።

10. መመለስ

ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሩብ (23:15) ላይ ወደ ጣቢያው አቅኑ። ሜትሮው የሚቆመው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት (24:00) አካባቢ ነው፤ ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ የሁለተኛው መስመር የመጨረሻ ባቡር ቀድሞ ሊሄድ ስለሚችል ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ገና ስትደርሱ ፎቶ አንሱት። ካመለጣችሁ ታክሲ አለ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት (23:00) በኋላ ግን የሌሊት ጭማሪ ይከፈላል።

ማስጠንቀቂያ

ሜትሮ ውስጥ መብላትና መጠጣት ቅጣቱ ከ1,500 እስከ 7,500 የታይዋን ዶላር ነው። ክልከላው የሚጀምረው ከመግቢያው ፊት ለፊት መሬት ላይ ካለው ቢጫ መስመር ሲሆን ውሃና ማስቲካም ይጨምራል። ስትሮ የተሰካበትን ሻይ ከመስመሩ በፊት ጨርሱት። የታሸገ ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ መክፈት ነው የተከለከለው።

የታፒዮካ ኳስ ለትንንሽ ልጆች አትስጡ። በወፍራም ስትሮ ሲሳብ ቀጥታ ጉሮሮ ላይ ይደርሳል።

ኦይስተርና ሽሪምፕ በልቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ አንድ ፍሬ ብቻ ቀምሶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ከንፈር ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ የአምቡላንስ ቁጥሩ 119 ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

ምልክት መሳት። የቡድሂስት ምግብ ቤቶች «ሱ» መሆናቸውን ለማሳየት ክንዶቹ የተጠማዘዙ መስቀል መሰል ምልክት ይለጥፋሉ። የናዚ ምልክት መስሏቸው ደንግጠው የሚያልፉት አሉ፤ የቆየ የሃይማኖት ምልክት ነው፤ ለጿሚ ደግሞ ጥሩ ምልክት። እንቁላልና ወተቱን ግን እዚያም ጠይቁ።

በወረፋ ርዝመት ብቻ መምረጥ። አጭርም ሆኖ ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስ ወረፋ ይሻላል፤ ምግቡ እየተሠራ እየወጣ ነው ማለት ነው። ተጠብሶ ተከምሮ የሚጠብቅ ነገር ካያችሁ ደግሞ እንዲጠበስላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ እለፉት።

ሁሉን በከረጢት ሰብስቦ ማደሪያ ሄዶ መብላት። ጥብስ በ15 ደቂቃ ይለሰልሳል፣ የታፒዮካው ኳስም በቅዝቃዜ ይደርቃል። መቀመጥ ከፈለጋችሁ ከራኦሄ ጀርባ የኪሉንግ ወንዝ ዳር መናፈሻ አለ፤ የቀስተ ደመና ድልድይ ከሚባለው አጠገብ አየር እየወሰዱ መብላት ይቻላል።

ለጾም ምንም ሳያገኙ ተርቦ ማደር። ጋሪዎቹ ካላማሯችሁ በየመንገዱ ጥግ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት 7-ኢለቨንና ፋሚሊማርት አሉ። ብዙዎቹ መግቢያቸው አካባቢ የተጠበሰ ሙሉ ስኳር ድንች ያስቀምጣሉ፤ በሚዛን ወይም በፍሬ ይሸጣል፣ ከልጣጩ በቀር የተጨመረበት ነገር የለም።